መድኃኒቱን ያስጣለን ተወኩል አልነበረም



ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ አንድ ወንድም አስቆመኝና ጥያቄ አቀረበልኝ። ወላጅ እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሰሞኑን «በሩቅያ አድናለሁ» የሚል ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ መርፌውን ካላቆሙ ሩቅያው እንደማይሠራላቸው ነግሯቸዋል። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ታነባለህ፤ ምን ትለኛለህ?» አለኝ። መልሱን ወዲያው ሰጠሁት። እናቱ መርፌውን ለአንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፣ ሰውየውም ሁለተኛ ደጃቸውን እንዳይረግጥ እንዲያደርግ ነገርኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን እግሬ ከበደኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነበር። ያኔ አልመለስኩም።

የተጠየቅሁት በ1999 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጠያቂዋ አክስቴ ነበረች። እኔ የ15 ዓመት ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ወኪሎች ከሰጡት ሰፊ ግቢ ሲሆን፣ ከግቢው በላይ ያለው ዳገት ግን የድሃ ሠፈር ነበር። ጎህ ሲቀድ ሴቶች ገመዳቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ይወጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። በዚያው ዳገት ሌሎች ሰዎችም ሲወጡ እናይ ነበር። ነጠላ የተከናነቡ፣ ጀሪካን የያዙ፣ በእናት ወይም በእህት ክንድ የተደገፉ። የሚሄዱት ወደ እንጦጦ ማርያም ፀበል ነው። ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን በዚያ ዘመን ተራራው ላይ በጭቃ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች እየተከራዩ ለወራት ይሰነብቱ ነበር፤ ብዙዎቹም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ነበሩ። የክርስቲያን ወገኖቻችንን እምነት የመተቸት ዓላማ የለኝም። ለጽሑፌ የሚያስፈልገኝ ነገር ግን እዚያ ተራራ ላይ አለና አልፌው አልሄድም።

ግቢያችን ውስጥ በዚህ በሽታ የተያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ አክስቴ ናት፤ ሾፌር የነበረው ባለቤቷ በ1996 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዷል። ሌላዋ ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው። እኛ ልጆች «እትዬ» እንላቸው ነበር፤ እዚህም በዚሁ ልጥራቸው።

በሀገራችን የበሽታው ሕሙማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሐኪም ቤት ለሕመምተኛው የሚሰጠው ምክር እንጂ ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት አልነበረውም። መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. ሲመጣ በክፍያ ነበርና እንደ አክስቴ ያለው ሰው ወሬውን ከመስማት ያለፈ ነገር አላገኘም። በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። አክስቴ ተመርምራ በ1998 ጀመረች። በሦስት ወር ውስጥ ከአልጋ ተነሣች፤ በስድስተኛው ወር እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ማስረከብ ቻለች። አልሐምዱሊላህ አልን። ያልነው ግን በሹክሹክታ ነው። ምን እንደምትውጥ፣ በየወሩ የት እንደምትሄድ ከቤታችን አጥር እንዲወጣ የፈለገ አልነበረም። ቡና ሲፈላ የእሷ ስኒ ብቻውን ይታጠባል። ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል አንዷ የአጎቴ ልጅ ከሥሩ የጥፍር ቀለም ቀብታበት ነበር፤ ቀይ።

ሰውየው ወደ ቤታችን የመጣው በሻዕባን መጨረሻ ነው። ያመጣው ዘመድ ሲሆን፣ አባቴም ተስማምቷል። በአክስቴ ራስ ላይ ቀራባት፣ ትንፋሹን ውኃ ላይ ተፋባት፣ ከዚያም በሽታው ሐኪም ቤት ያሉት ሳይሆን ሲሕር መሆኑን ተናገረ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጥቁር የሥራ ሥር ውሃ ሰጣት፤ 250 ብር ተከፈለው። ነጩን ኪኒን ከዚህ ጋር ደባልቃ ከወሰደች መድኃኒቱ እንደሚረክስ አስጠንቅቆ ሄደ።

አክስቴ በማግስቱ ከኢፍጣር በኋላ ጠራችኝ። ኪኒኖቹ በእጇ ነበሩ። «አንተ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ፤ ልተወው እንዴ?» አለችኝ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። መድኃኒቱ ተጀምሮ እንደማይቋረጥ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ። አውቅ ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ» ብያት ወጣሁ።

ለምን እንዲህ እንዳልኳት ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ታላላቆቼን መፍራቴ አንድ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሰውየው የተናገረው ነገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሕር ከሆነ ነውር የለበትም፤ ሲሕር በማንም ላይ ይደርሳል። ሐኪም ቤቱ የሰጣትን የበሽታ ስም ጎረቤት ፊት መጥራት አንችልም፤ ሰውየው የሰጣትን ግን መጥራት እንችላለን። በቤታችን የሆነው ይህ ነው። ኋላ ላይ ዘመዶቼ «በአላህ ተመክተን ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ። ያየሁት ተወኩልን አይደለም፤ ያየሁት ሐፍረትን ነው።

ተወኩል ምን እንደሆነ ሐዲሱ ያስተምረናል

ኢማሙ ቲርሚዚ ከአነስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር ትቶ በአላህ መመካት ይችል እንደሆን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቀ ጊዜ፣ መጀመሪያ እንዲያስራት ቀጥሎ እንዲመካ ነግረውታል። ይህን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ስለ ሕክምናም በግልጽ ተጠይቀዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት በደዊዎች መጥተው መታከም ይገባ እንደሆን ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህም ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረዋቸዋል።

እኔን ከሁሉ የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነገር ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ሰዕድ በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው ሄዱ፤ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አኖሩ፤ ሕመሙ የልብ መሆኑን ነገሯቸው፤ ከዚያም የሰቂፍ ጎሣ ወደ ሆነው ወደ ሐሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ አዘዟቸው፤ ምክንያቱም እርሱ ሕክምና የሚሠራ ሰው ነው። አስተውሉ፤ ከእርሳቸው እጅ የበለጠ የተባረከ እጅ፣ ከእርሳቸው ዱዓ የበለጠ ተቀባይነት ያለው ዱዓ ከየት ይገኛል? እጃቸውን በደረቱ ላይ ያሳረፉት ነቢይ ራሳቸው በሽተኛውን ወደ ሐኪም ላኩት። ያውም ሐሪስ መስለሙን የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙበትም። ሰውየው አክስቴን ከሐኪም ቤት ሲያስቀር የማንን ሱና ተከተለ?

ሌላም አለ። አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሕክምና የማያውቅ ሰው ሰውን አክሞ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊነቱ በራሱ ላይ እንደሚወድቅ ተነግሯል። የፊቅህ ሊቃውንት ይህንን መሠረት አድርገው ስለ ካሣው በዝርዝር ጽፈዋል። በሠፈራችን ግን 250 ብር የወሰደን ሰው ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ሩቅያ እውነት ነው። ቡኻሪ የዘገቡት የአቡ ሰዒድ አል ኹድሪይ (ረ.ዐ.) ታሪክ የታወቀ ነው፤ ጊንጥ የነደፈው የጎሣ አለቃ ፋቲሓ ተቀርቶበት ተነሥቷል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አጽድቀውላቸዋል። ስለ ማር በሱረቱ ነሕል ተነግሯል። ስለ ጥቁር አዝሙድ በቡኻሪ ተዘግቧል። ከዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ መሆኑን የሚገልጸውን ሐዲስ ሲያብራሩ እንደ ኸጣቢ ያሉ ቀደምት ዓሊሞች አነጋገሩ ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገበት ነገር የተለየ እንደሆነ ጽፈዋል። ሐዲሱን ያከበሩ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። ዛሬ ግን ትንሿን ብልቃጥ በውድ ዋጋ የሚሸጥልን ነጋዴ ሐዲሱን ያነብልናል፣ የዓሊሞቹን ማብራሪያ ይደብቅብናል።

ከዕፅዋት የሚወጣ መድኃኒትንም አልንቅም። ለኮሶ ትል ኮሶ የጠጣ ሕዝብ ነን። መጠኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፍ ነው። ያዩትን ይዘው ገበያ አልወጡም፤ ወደ ቤተ ሙከራ ገቡ፤ ዓመታትም ፈጀባቸው። ለወባ የምንውጠው ኮአርተም አንዱ ንጥረ ነገሩ ከጥንት የቻይና ባሕላዊ መድኃኒት የመጣ ነው፤ ንጥረ ነገሩን ያገኙት ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሥራ ሥር ሥራ ሥር በመሆኑ አይነወርም። መጠኑ ያልተለካ፣ በማን ላይ ምን እንዳደረገ ያልተመዘገበ፣ ስሙ እንኳ ያልተነገረን ጥቁር ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኪኒኑ ሲቋረጥ

በዚያ ዘመን የሚሰጠው መድኃኒት ሦስት ዓይነት ሆኖ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ነበር። ረመዳንን ምክንያት የሚያደርጉ ሰዎች ስላሉ ይህን ልናገር። አክስቴ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ነርሷን ጠይቃ ነበር። ነርሷ ክርስቲያን ናት። በጣቷ ቆጥራ፣ አንዱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ከሱሑር ጋር፣ ሌላውን ማታ ፈጡር ላይ መውሰድ እንደምትችል አስረዳቻት። ቀንና ሌሊታችን እኩል ሊሆን ጥቂት በሚቀረው በእኛ ሀገር መድኃኒቱና ጾሙ ተጣልተው አያውቁም። መጾም ላልቻለም በሱረቱል በቀራ ፈቃዱ ተሰጥቶታል።

መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቫይረሱ አይጠፋም፤ ተዳክሞ ይደበቃል። ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ ኔቪራፒን በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀናት ይቆያል፤ ሁለቱ ግን ቶሎ ይወጣሉ። ስለዚህ ሰው በድንገት ሲያቆም ቫይረሱ ከአንዱ ጋር ብቻውን ይጋጠማል፤ ብቻውን የቀረን መድኃኒት ደግሞ ይለምደዋል። በኋላ ሰውየው ተጸጽቶ ቢመለስ ያ መድኃኒት አይመልስለትም። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። ለስድስት ወር የታዘዘውን በሁለተኛው ወር የተወ ሰው መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ይዞ ለቤተሰቡም ያስተላልፋል። እንጦጦ ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ነቀርሳ ሲያክም ቆይቷል።

አክስቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቁሩን ውሃ ስትጠጣ ደኅና ነበረች፤ ሰውየውም ይህንን ማስረጃው አደረገው። በኅዳር ማሳል ጀመረች። በታኅሣሥ ከአልጋ አልወርድ አለች። ሰውየው ሲጠራ አልመጣም።

እትዬ በዚያን ጊዜ ተራራው ላይ ነበሩ። ከ1998 ክረምት ጀምሮ ፀበል ይጠመቁ ነበር፤ እሳቸውም መድኃኒቱን አልወሰዱም፤ ከአጥማቂዎቹ አንዳንዶቹ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ይሉ ነበርና። ለልደት በዓል ወደ ግቢያችን ሲመለሱ አክስቴን በዚያ ሁኔታ አገኟት። የራሳቸው ጉልበት ሳይጸና በየቀኑ ክፍሏ እየገቡ ያጥቧት፣ አጥሚት አፍልተው በማንኪያ ይሰጧት ጀመር። አጥሚቱን የሚሠሩበት ዕቃ ሥጋ ያልነካው መሆኑን እየደጋገሙ ይነግሯት ነበር፤ «በሃይማኖትሽ እንዳልበድልሽ» እያሉ። እኛ ዘመዶቿ በሩ ላይ ቆመን «እንዴት አደርሽ» ብለን እንመለሳለን። ስለ ስኒው የነገርኳችሁ ቤት ነው።

በጥር አጋማሽ ታክሲ ጠርተው ወደ ሐኪም ቤት የወሰዷት እሳቸው ናቸው። አንድ ወንድሟ አብሮ ሄደ። ሳንባዋም ነቀርሳ ገብቶበት ነበር፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በየካቲት መጀመሪያ አረፈች፤ አላህ ይዘንላት። ጀናዛዋን ለማጠብ ከሠፈሩ ሙስሊም ሴቶች የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ በሽታው ይይዘናል ብለው ፈሩ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ውኃ እያሞቁ ያቀብሉ ነበር። አባቴ ወደ እሳቸው ሄዶ እጃቸውን ሲስም አየሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴ የማንንም እጅ ሲስም አላየሁም።

አክስቴ በሞተች በሦስተኛው ወር፣ በግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ፀበልና መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ኃጢአትም እንደሌለበት በይፋ ተናገሩ። እትዬ ነገሩን ሰምተው በዚያው ወር ሄደው ተመዘገቡ። ፀበሉንም አልተዉም።

ይህን የምጽፈው እነርሱን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ወደ ራሳችን ለመመለስም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድን ወደ ሐኪም የላኩበት ሐዲስ በኪታባችን ውስጥ እያለ፣ በ1999 በረመዳን በሰገድኩባቸው የጁምዓ ቀናት ሁሉ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል ሲነገር አልሰማሁም። ሌላ ቦታ የተናገሩ ዓሊሞች ይኖራሉ፤ አላህ ይመንዳቸው። በእኔ ጆሮ የደረሰው ግን ስለ በሽታው መነሻ፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ አላህ ቁጣ ነው። አክስቴ ከባሏ በስተቀር ወንድ አታውቅም ነበር። ከመስጊዱ አጥር ውጭ ባለው የሴቶች ጥግ ተቀምጣ ይህን ኹጥባ ሰምታለች። ከዚያ ወጥታ ስለ ኪኒኗ ማንን ልትጠይቅ ትችላለች? እኔን ጠየቀች።

የበለጠ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2007፣ ማለትም አክስቴ አልጋ ላይ በነበረችበት ወር፣ የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ ኤድስን በዕፅዋት እንደሚያድኑ ለዓለም አስታወቁ። ዱዓ እያደረጉ በሕሙማን ሰውነት ላይ አረንጓዴ ቅባት ሲቀቡ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ሕሙማኑንም የሐኪም መድኃኒት አስቆሟቸው። በሕይወት የተረፉ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ከሰሷቸው። የእኛ ሠፈር ሰውዬና የጋምቢያው ፕሬዚዳንት አይተዋወቁም፤ በሽተኛውን የጠየቁት ነገር ግን አንድ ነው።

እትዬ ተራራ ለምን ወጡ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ እትዬን ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ እምነታቸው ይነግሩኛል ብዬ ነበር። «ለመዳን ነው» አሉና ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እዚያ ሁሉም እንደ እኔ ነበር» አሉኝ። እኛ ግቢ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩበት ቤት አከራይ በሽታቸውን ሰምተው አስወጥተዋቸው ነበር። ሐኪም ቤት የሄዱ ጊዜ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ስማቸው ጮክ ተብሎ ተጠርቶ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተራራው ላይ ግን ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ሣህን በሉ። የታመመው የታመመውን ይደግፋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ውኃ ይቀዳለታል፤ የማን ስኒ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይህንን ከሰማሁ በኋላ አክስቴን የጎዳት ሥራ ሥሩ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። ሰውየውም ቢሆን ለአንድ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጧል፤ ራሷን በእጁ ነክቷል። ከእኛ ቤት ማንም በዚያ ዓመት ራሷን በእጁ አልነካም። አታላይ ሰው የሚገባው እኛ ክፍት በተውነው በር ነው።

ሸሪዓችን በሽተኛ መጠየቅን እንደ ትርፍ ደግነት አይቆጥረውም፤ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው መብት ይቆጥረዋል። በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ባለው ሐዲሰል ቁድሲ፣ አላህ በቂያማ ቀን ባሪያውን ታምሜ አልጠየቅኸኝም ብሎ እንደሚወቅሰው፣ ባሪያውም እንዴት ይሆናል ሲል የታመመውን ባሪያውን ቢጠይቅ ኖሮ እርሱን እዚያ ያገኘው እንደነበር እንደሚነግረው ተዘግቧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለግላቸው የነበረ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመም ቤቱ ሄደው ከራስጌው ተቀምጠዋል፤ የዘገቡት ቡኻሪ ናቸው። ይህንን ሐዲስ በ1999 እኛ ግቢ ውስጥ የሠራችበት ሐዲሱን የማታውቅ ሴት ናት።

በነገራችን ላይ፣ ደግነት ማለት ማልቀስና ብርቱካን ይዞ መሄድ ብቻ አይደለም። አክስቴ መድኃኒት ስትጀምር ክሊኒኩ የሚያስታውሳት አንድ ሰው ይዛ እንድትመጣ ጠይቋት ነበር። ማንም አብሯት ስላልሄደ የጎረቤት ስም አስመዘገበች፤ ጎረቤቷም አታውቅም። በየወሩ ካርድ ለማውጣት በሌሊት መሰለፍ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ ኪኒኑ ሲያቅለሸልሽ የሚቀመስ ነገር፣ ሰዓቱ ሲደርስ «ወሰድሽ?» የሚል አንድ ሰው፤ ይህ ሁሉ ከመድኃኒቱ የሚቆጠር ነው። የየተስፋ ጎህና የመቅድም አባላት በሽታቸውን በአደባባይ ተናግረው እንዲህ ያለውን ሥራ የጀመሩት ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። ሰው በስማቸው ሲሳለቅ በድፍረት ቆመዋል። በኋላም በብዙ ሠፈር እድሮች ቀብር ከማስፈጸም አልፈው በሽተኛን በየቤቱ ወደ መርዳት ገብተዋል።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በተደረገው ጥናት በሀገራችን ከተሞች ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው 3 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ ሆኗል፤ በወጉ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ሰውየውን የመሰሉት ግን ሥራ አልፈቱም። ወደ ስኳር፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ካንሰር ዞረዋል። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ያሳዝኑኛል። በርካሽ ኪኒን ሊቆጣጠሩት የሚችሉትን በሽታ ጂን ነው ተብለው ሲገረፉ ያየሁበት ቤት አለ። ልጁ ላይ ቁርአን ይቀራበት፤ ማን ይከለክላል? ኪኒኑንም ስጡት።

ያ ወንድም ትናንት ደወለልኝ። እናቱ ኢንሱሊኑን እንዳላቋረጡ፣ እሱ ራሱም ማታ ማታ ፋቲሓና ሙዐወዘተይንን እየቀራ እንደሚያሻሻቸው ነገረኝ። «ከእሱ ይልቅ የአንተ እጅ ይሻለኛል» ብለውታል።

እኔም ቅዳሜ ዕለት ፈረንሳይ ሄድኩ። እትዬ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጭቷል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። የመድኃኒታቸው ብልቃጥ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ሥር ተቀምጧል። በዚያ ዓመት አክስቴ ስለ ኪኒኑ እንደጠየቀችኝና ዝም እንዳልኳት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ጀበናውን ጣዱ፤ ቡናው እስኪፈላ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ሲቀዱልኝ ስኒውን አነሣሁት፤ ከሥሩ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረበት፤ ግማሹ ለቆ። ዕቃዋን ዘመዶቼ ሊጥሉት ሲያወጡ እሳቸው ለምነው እንደወሰዱት ነገሩኝ። ሦስቱንም ጠጣሁ።